ከግንቡ ውጭ የቆሙት ካህን

በታላቅ እኅታቸው የልጅ ልጅ ተጽፎ በመካነ መቃብሩ በር ላይ የሚነበብ

ዛሬ የምንሸኛቸው ካህን፣ ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ልብስ በመተኮስ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከአንድ ማተሚያ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። የማተሚያው ማሽን ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጩ ስለነበር፣ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቦታ አርፈው መቀመጥ ያቃታቸው ከዚያ የተነሳ ነው እያለ ዘመድ ይቀልድ ነበር።

አባታቸው ከአሮን ዘር የሚቆጠሩ ስለነበሩ ክህነቱ በትውልድ ወደ እርሳቸው መጣ። ይህ የአይሁድ ክህነት ደመወዝ የለውም፤ የሥራ ልብስም የለውም። ኦሪት ሲነበብ መጀመሪያ መጠራት፣ በበዓላት ሕዝቡን መባረክ፣ ከሙታንም መራቅ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መግቢያ ላይ የሚነበበው ሳምንታዊ ክፍል፣ ካህን ወደ ሙታን እንዳይቀርብ ያዝዝና የቅርቦቹን ብቻ ለይቶ ይፈቅድለታል፤ እናቱን፣ አባቱን፣ ልጆቹን፣ ወንድሙን፣ ያላገባች እኅቱን። ሚስትም ከእነዚህ ጋር ትቆጠራለች። ያገባች እኅት ግን ከቁጥሩ ውስጥ የለችም። የእኚህን ሰው ሕይወት ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ሞቱ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ታላቅ እኅታቸው፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ ትምህርቷን ትታ ልብስ ስፌት ጀመረች። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ትምህርት ቤት ተጠርታ ትወቀስላቸዋለች። እርሳቸው በበኩላቸው እንጀራዋ የሆነውን የስፌት መኪና ከአንድም ሁለት ጊዜ ፈታትተው መልሰው ገጥመውታል። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ብሎን ተረፈ፤ መኪናው ግን ከበፊቱ ይልቅ በደንብ ይሠራ ነበር። እርሷም፣ «አንተ ልጅ፣ ከምትበላው የምትፈታው ይበልጣል። እኔን የፈታኸኝ ቀን ግን መግጠሚያው ይጠፋሃል» ትላቸው እንደነበር እስካሁን ቤታችን ውስጥ ይወራል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በ1960 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። በሚቀጥለው ዓመት ሊፍት በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ተቀጠሩ። ከፎቆች ሁሉ በላይ ያለችው የሞተር ክፍል፣ የግራሶ ሽታና የብረት ገመዶቹ ዜማ ቤታቸው ሆኑ። መዳፋቸውን በር ላይ አሳርፈው የትኛው መዘውር እንደተበላ ይናገሩ ነበር። ሥራ ሲያልቅ እንኳን ቆመው ስለማያውቁ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ላይ ታች» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በዚያው ስም ኖሩ።

የሆስፒታል ሊፍት ግን አልነካም አሉ። አስከሬን በዚያ ይወርዳል። አለቃቸው ሲቆጡ ባልደረቦቻቸው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከሙት ይሸሻሉ፤ እኛ ከአለቃ እንሸሻለን፤ ታዲያ ሥራውን ማን ይሥራው?» እያሉ ይስቁ ነበር። እርሳቸውም አብረው ይስቁና በምትኩ ማንም የማይፈልገውን የበዓል ዋዜማ ተረኛነት ይወስዱ ነበር። የራሳቸው ሰንበትና በዓል ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባ፣ ከዚያ በፊት ሮጠው ቤት ይገባሉ።

በ1968 ዓ.ም. የሒሳብ አስተማሪ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ምግብ የሚበሉት ቆመው ነበር፤ ስልክ የሚያነጋግሩት ሽቦው እስኪወጠር እየተራመዱ። ባለቤታቸው፣ «ባል ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ነው ያመጣሁት» ይላሉ። በሰንበት መቀመጥ ግድ ስለሆነ ይቀመጡና እግራቸውን ያንቀጠቅጣሉ። «ስድስቱ ቀን ዕረፍቴ ነው፤ ሥራዬ ሰባተኛው ነው» የሚል አባባል ነበራቸው።

ያ ስለ ካህናትና ስለ በዓላት የሚናገረው ክፍል በሚነበብበት ሳምንት፣ በጸሎት ቤት ቆሞ ትምህርት መስጠት የእርሳቸው ድርሻ ነበር። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አስተምረዋል፤ ያለፈው ዓመት ትምህርታቸው ግን አንድም ጊዜ አጥግቧቸው አያውቅም። ያልኩት ልክ አልነበረም ብለው ይጀምራሉ። አንድ ዓመት በዓላት የፈጣሪ ቀጠሮ ናቸው አሉ፤ እኔ ለደንበኛ ቀጠሮ ሰጥቼ አረፍዳለሁ፣ ከዚህ ቀጠሮ ግን ያረፈደ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል ብለው። በሌላ ዓመት፣ መቅረዙ በየዕለቱ እንዲሰናዳ የታዘዘውን አንስተው ካህን ማለት የጥገና ሠራተኛ ነው አሉ፤ አንዴ አብርቶ የሚሄድ ሰው ተካይ እንጂ ካህን አይባልም ብለው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እርሳቸው ግን አልቀለዱም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ ሴት አያቴ በጉበት ሕመም አረፈች። አያቴ የአውቶቡስ ሹፌሩን ወንድ አያቴን ካገባች አርባ ዓመት ሊሞላት ነበር። ካህኑ ሌሊቱን ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ሲመላለሱ አድረው ማለዳ ወደ ጸሎት ቤቱ መምህር ሄዱ። መምህሩ፣ «ሐዘንህን እኔ አልለካውም፤ ሕጉንም እኔ አልጻፍኩትም» ብለው መለሱላቸው። መልሱን ሳይሄዱም ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ያሳደገቻቸው እኅታቸው ስትቀበር ካህኑ ከመካነ መቃብሩ ግንብ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው አልቆሙም ማለት ይሻላል፤ በግንቡ ርዝመት ሲሄዱና ሲመለሱ ነበር። መቃብሯ መሃል ላይ ስለነበር ጸሎቱ አይሰማም፤ የሚሰማው የመኪና ድምፅ ነው። ሰው ሲበተን ሹፌሩ አያቴ በሩ ላይ አዩዋቸውና በሁሉ ፊት፣ «እናት ስትሞት ይገባል ተብሎ የለም እንዴ? ይህች እናትህ ካልሆነች እናትህ ማን ናት?» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አማቾች መነጋገር አቆሙ።

ይህን ስጽፍ ለሁለቱም እኩል ለመፍረድ ሞክሬአለሁ። አያቴ የጠየቁት ጥያቄ ከፍቅር የመጣ ነበር። ካህኑም ውጭ የቆዩት ቀሏቸው አልነበረም፤ ሕጉን ለሰው ደስታ ያልተዉ ሰው፣ ለራሳቸው ሐዘን ሲሉ መተው እንደ ስርቆት ይታያቸው ነበር። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት ያ ክፍል ሲደርስ ክፍሉን አነበቡና ማስተማር ሳይጀምሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በተከታዩም ዓመት እንዲሁ። ሥራ ጨርሰው ወደ ቤት የሚሄዱበትን አውቶቡስ ትተው በእግራቸው በግንቡ በኩል መዞር ጀመሩ። ባለቤታቸው እራት አቅርበው ይጠብቃሉ፤ እርሳቸው ገብተው እንደገና ይወጣሉ። ከውጭ ሆነው ሐውልቷን ለማየት የሚያስችል ቦታ ፈልገው እንደነበርና እንዳላገኙ ለልጃቸው ነግረውታል።

ነገሩ የተለወጠው በ2001 ዓ.ም. ነው። ሹፌሩ አያቴ በአንድ ጎረቤት ቀብር ላይ፣ ሴቶችን አጥበው ለቀብር የሚያሰናዱትን አሮጊት አገኙ። አሮጊቷ ወሬ ለመጀመር ያህል፣ «የእርስዎን ባለቤት ግን ለምን ከግንቡ ሥር አላደረጓትም? እርሷ እኮ ለምናኝ ነበር» አሏቸው። አያቴ አልገባቸውም። አሮጊቷ አስረዱ። ሴት አያቴ ሕመሟ ሲጸናባት ጠርታቸው፣ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነውን የዳር ቦታ እንዲይዙላት ጠይቃቸው ነበር። ካህን ወደ መቃብር ባይገባም ከግንቡ ውጭ ጥቂት ርቆ መቆም አይከለከልም፤ እርሷ ከዳር ብትሆን ወንድሟ በቅርብ ቆሞ ጸሎቱን ይሰማል። አሮጊቷ ለቆፋሪው ነግረው ቁፋሮው ዳር ላይ ተጀምሮ ነበር።

በቀብሯ ቀን ጠዋት ግን ሹፌሩ አያቴ ደርሰው፣ አቧራውንና የከባድ መኪናውን ጩኸት አይተው፣ «ሚስቴ ዳር የምትጣል ሰው ናት?» ብለው መሃል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቆፍረዋል። ቆፋሪው ሐዘንተኛ ፊት ቆሞ መከራከር ፈርቶ ዝም አለ። አሮጊቷ ደግሞ አያቴ አውቀው የወሰኑት ስለመሰላቸው ነገሩን አላነሱም። የዳር ቦታ በእኛ ዘንድ ለምን እንደሚመረጥ የካህን ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል፤ አያቴ ግን በትውልድ ካህን አይደሉም፤ ነገሩን ለመጠየቅም አላሰቡም።

ሹፌሩ አያቴ ይህን እንደሰሙ ቀጥታ ወደ ካህኑ ቤት ሄዱ። በሩን ሲያንኳኩ ካህኑ ራሳቸው ከፈቱ። የነበረውን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ እንደቆሙ ነገሯቸውና፣ «አንተን ውጭ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ፤ ሕጉ አይደለም» አሏቸው። ካህኑ በሩን ይበልጥ ከፈቱላቸው። ከዚያ፣ «ጥላ ትወድ ነበር። ደግ አደረግህ» አሉ። ባለቤታቸው እንደሚመሰክሩት፣ ያን ዕለት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳሎን ገብተው እስኪመሽ ድረስ ተቀምጠዋል፤ ካህኑ አንዴም አልተነሱም። በማግስቱ ግን ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ግንቦት እንደገና አስተማሩ። በበዓላቱ ዝርዝር መሃል፣ ያለ ቦታው የገባ የሚመስል አንድ ትእዛዝ አለ፤ እርሻህን ስታጭድ ዳሩን አትጨርስ፣ ለድሀና ለእንግዳ ተወው የሚል። ካህኑ ያን አንስተው፣ በበዓላት መካከል ለምን ገባ ብለው ጠየቁ። የተቀደሰ ቀንና የተቀደሰ ሰው፣ ሁለቱም አጥር አላቸው አሉ። አጥሩን ማፍረስ የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን ዳር ለሌላው ሰው መተው ግን የእኛ ነው፤ እኔ አጥሩን ስጠብቅ ኖርኩ፣ ዳሩን የተወችልኝ ግን ካህን ያልሆነች ሴት ናት አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ይህም ልክ ላይሆን ይችላል፣ ለከርሞ አስቤበት እመጣለሁ ብለው ወረዱ። ከርሞም መጡ፤ አሻሻሉት። እስካለፈው ዓመት ድረስ ሲያሻሽሉት ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ሥራ አላቆሙም። ባለቤት አልባ በሆኑ አሮጌ ፎቆች እየዞሩ፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚኖሩበትን ሊፍት ይጠግኑ ነበር። የልብ ሕመም የያዛቸው በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ሕይወት ለማዳን ስለሆነ ሆስፒታል ገቡ፤ ተኝተውም አላረፉም። ነርሷን ጠርተው፣ «ሲስተር፣ ሊፍታችሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲቆም ያቃስታል። ከእኔ በፊት እርሱን አሳክሙ» አሏቸው። ነርሷም ባለሙያ አስጠሩ፤ እንዳሉትም ሆኖ ተገኘ። ካህኑ ከጥቂት ሳምንታት ሕክምና በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ወንድ ልጃቸውና ስድስት የልጅ ልጆች አሏቸው። ወንድ ልጃቸው ካህን ቢሆንም ለአባቱ መግባት ተፈቅዶለታል። የእርሱ ሁለት ወንዶች ልጆችም ካህናት ናቸው፤ አያት ግን ከቁጥሩ ውስጥ ስላልተጠቀሰ ዛሬ ወደ ውስጥ አይገቡም። መቃብሩ በራሳቸው በካህኑ ኑዛዜ ከግንቡ ሥር ተዘጋጅቷል፤ ሁለቱ የልጅ ልጆች ውጭ ሆነው ጸሎቱን ይሰማሉ።

ሹፌሩ አያቴ ዘንድሮ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እንደ ቅርብ ዘመድ መጀመሪያ አፈር እንዲያለብሱ ቤተሰቡ ጠይቋቸው ነበር። «አይ፣ አፈሩን እናንተ አልብሱት። እኔ ከልጆቹ ጋር ውጭ እቆማለሁ፤ ለብቻ ሲቆሙ መንገዱ ይረዝማል» ብለዋል። አሁን ከመንገዱ ማዶ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ቆመዋል።

ካህናቱን የለየ፣ በዓላቱን የቀጠረ አምላክ፣ የእኚህን ሰው ነፍስ ከእኅታቸው ጋር ይደምርልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ያብዛ፤ በውስጥም በውጭም የቆምነውን ሁላችንን በአንድነት ይጠብቀን። አሜን።