ኩርባው ላይ የቆመው ማሩ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቁጡዋ፤

ሰላምታዬ ጉና ላይ እንደሚተኛው ጉም ወፍሮ ይድረስሽ። ደኅና ነሽ ወይ? አማትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ ዛሬም በከዘራ ይጣሉታል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጥርሴ በቀር ሁሉም ነገሬ አለ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂ፤ ቄሶቹ ሲያነቡ ከአጥር ውጭ ቆሜ የለቃቀምኩት ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ጨው ነጋዴው ጀማል ነው፤ በአህያው መደላድል ውስጥ ሰፍቶታል። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ወጥ ማሳረር የለመደች እጅ ወረቀት ማቃጠል አያቅታትም።

አባትሽን ከቀበርን አርባው ሊደርስ ነው። አልመጣሽም። «የባንዳ ቀብር ላይ አልቆምም» ማለትሽን ሰማሁ። ቀይ ጨርቅ ይዞ በጣልያን መንገድ ላይ ሲቆም አይተሽ ነውና ቤቱን ጥለሽ ሐሙሲት አማትሽ ዘንድ የገባሽው፣ አልፈርድብሽም። ያላየሽውን ግን ልንገርሽ።

የጣልያን ወታደሮቹ፣ ሶላቶዎቹ፣ እሑድ እሑድ በአዲሱ መንገድ በሞተር እንደሚሽቀዳደሙ ታውቂያለሽ። እንደ ጉግስ ያለ ጨዋታቸው ነው፤ ፈረሱ ብቻ ሣር አይበላም። እማሆይ ውዴን ከቅዳሴ ሲመለሱ ኩርባው ላይ ገጭተው የገደሏቸው ጊዜ፣ አለቃቸው ጭቃ ሹሙን ጠርቶ፣ መንገደኛ ሲሻገር ጨርቅ እያነሣ ሞተሩን የሚያስቆም ፈቃደኛ ሰው አምጣ አለው። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ አባትሽ ብቻ ተነሣ። «ማሩ፣ ለጠላት ዘብ ልትቆም ነው?» ብለው ጮኹበት። «እኔ የምቆመው ለሞተሩ አይደለም፤ ለሚሻገረው ነው» አለ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ጨርቁ ሲያረጅ ለሚስቴ መቀነት አምጣላት አልኩት። «ሚስትህ የጎደላት መቀነት ሳይሆን ባል ነው» አለኝ። የአባትሽን ምላስ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቦታ የሚሻገር ሰው አልተገጨም። ከቅዳሴ የሚመለሱት ሲሻገሩ ከቋጠሯቸው እፍኝ እፍኝ የገብስ ቆሎ ያሲዙት ነበር። የእኛ ምስጋና ይኸው ነበር።

አባትሽ የሞተ ዕለት አንድ ቁስለኛ ነበረን፤ ዱር ቤቴ ካሉት ወገን ነው፣ ጭኑን የተመታ። ወጌሻው ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው። በሌላ ቀን ዘበኞቹ መንገዱን አያስነኩም፤ እሑድ ግን ሁሉም ሽቅድድሙን ሊያዩ ከታች ይሰበሰባሉ። ቁስለኛውን እንደ ሬሳ ገንዘን በቃሬዛ ተሸከምነው። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ከኋላ ተከተሉ። እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ነበርኩ። አባትሽ አየን። ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም፤ ጨርቁን አነሣ። የመጀመሪያው ሞተር ቆመ። ነጂው ባርኔጣውን አውልቆ ለሬሳችን አንገቱን ደፋ፤ ያን ጊዜ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

መሀል መንገድ ስንደርስ ሁለተኛው ሞተር ከኩርባው ጀርባ ሲያጓራ ሰማን። አባትሽ ወደ ዳር መዝለል ይችል ነበር። እኛ ግን ገና አልተሻገርንም ነበር። ጨርቁን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ሞተሩ ሄደ።

ተገጭቶ ሲወድቅ እንኳ መቆም አልቻልንም። ቃሬዛውን ብናወርድ ሬሳው ያቃስታል። ሴቶቹ በሕይወት ላለው ሰው እየጮኹ በሚሞተው አጠገብ አለፉ። ዓይኑ ተገልጦ ነበር። አየኝና በአገጩ «ሂድ» አለኝ። ላልሞተው አለቀስን፤ ለሞተው ዝም አልን።

በገበያው ቀን አለቃቸው ነጋሪት አስጎስሞ «ማሩ ታማኝ አገልጋያችን ነበር» ሲል አመሰገነው። ለቤቱም አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ላከ። ወደ አንቺ ጆሮ የደረሰው ይህ ነው። ጠላት በአደባባይ አመሰገነው፤ ያዳናቸው ሰዎች ግን ትንፍሽ ቢሉ ይሰቀላሉ። በቀብሩ ዕለት ባንዶቹ አጠገቧ ቆመው ሲያዩዋት አስለቃሿ ምን ብላ ታሞግሰው? «ማሩ ገበሬው» አለችና አፏን ያዘች።

አሁን ያ ቦታ ሌላ ሆኗል። በቅሎዬ በጠራራ ፀሐይ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች። ጆሮዋን ቀስራ፣ እኔ የማላየው ነገር እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ነፋስ በሌለበት ጨርቅ ሲርገበገብ እሰማለሁ። ሰዎች ከመሻገራቸው በፊት ቆም ብለው «እግዜር ይስጥህ ማሩ» ይላሉ በሹክሹክታ፤ ቆሎውንም እሱ ይቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ያኖራሉ። እኔ ሆዳሙ፣ ሙት ምን ጥርስ አለው ብዬ አንድ እፍኝ ቃምሁ። አነቀኝ። ያሳልኩት ሳል የእኔ አልነበረም። ያቺን ሁለቴ አፍኖ በሦስተኛው የሚለቃትን የአባትሽን ሳል ታውቂያታለሽ፤ ከጉሮሮዬ የወጣችው እሷ ናት። የነፍስ አባታችን፣ ነፍስ እስከ አርባው ትዞራለች ይላሉ። ከአርባው በኋላም ባትሄድስ? እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም ልጄ፤ እፈራለሁ።

የተሸከምነውን ሰው ስም አልጽፍም። ደብዳቤው ቢያዝ እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፣ ወንድሜም ከገመድ አምልጧል። ቁስለኛው ግን ድኖ በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል። የተገነዘበትን ጋቢ ጀማል ይዞልሻል። ደሙን አጥበነዋል። ጠርዙ ላይ ያለውን ስፌት እዪው፤ የገዛ መርፌሽን ታውቂዋለሽና የማን ጋቢ እንደሆነ ለአንቺ መንገር የለብኝም።

ለአርባው ነዪ። ቃሬዛውን የያዙትም፣ ከኋላ የጮኹትም ይመጣሉ። አፍ አውጥተው የሚሉሽ ነገር አይኖርም፤ ትከሻሽን ስመው ያልፋሉ። ምስጋና መሆኑን ዕወቂላቸው። ባንዶቹም ጆሯቸውን አቁመው ይመጣሉ። ግን ልጅ ለአባቷ አታልቅስ የሚል አዋጅ ጣልያንም እስካሁን አላወጣም። ደንባችንን ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳትጀምር ሌላው አይጀምርም። አንቺ ሙሾ አውጪ አልልሽም፤ «አባቴ» ብለሽ አንዴ ጩኺ። ያን እሑድ የዋጥነውን እኛ እናወጣዋለን።

የጉና ብርድ አይድፈርሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ፤ አንቺንም፣ የምትጠብቂውንም ሰው አምላክ በሰላም ያገናኛችሁ።

ከደብረ ታቦር፣
አጎትሽ