በማቴሬ ደን፣ በሾላው ሥር ሕይወታቸው ስላለፈው ስለ አቶ ባንታየሁ ሙሉዓለም

በናይሮቢ የኢትዮጵያውያን የእንጨት ነጋዴዎችና የቤት ዕቃ አምራቾች ማኅበር፣ የደን ባለሙያው አቶ ባንታየሁ ሙሉዓለም ቅዳሜ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በማቴሬ የሕዝብ ደን ውስጥ በሥራ ላይ እንዳሉ ዛፍ ወድቆባቸው በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለደኑ ተጠቃሚዎች በሙሉ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል።

«በሥራ ላይ እንዳሉ» የሚለው በዚህ መግለጫ የገባው ታስቦበት ነው። በዕለቱ በማኅበሩ ስም የወጣው ማስታወቂያ እንደዚያ አይልም ነበር። ወደዚያ ጉዳይ ከታች እንመለሳለን፤ አስቀድሞ ግን የአቶ ባንታየሁን አገልግሎት ማስታወስ ይገባል።

አቶ ባንታየሁ በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የደን ትምህርታቸውን በ1975 ዓ.ም. አጠናቀው ለሃያ ዓመት ያህል በአርሲና በባሌ የችግኝ ጣቢያዎችንና የተተከሉ ደኖችን መርተዋል። በ1996 ዓ.ም. በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥረው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ናይሮቢ መጡ። ከድርጅቱ ከወጡ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ማኅበራችን የማቴሬን ደን ዘጠነኛ ክፍል ከመንግሥት የደን ጽሕፈት ቤት በተሰጠ የቆረጣ ፈቃድ ሲይዝ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ።

ማቴሬን ለማያውቁት፦ በናይሮቢ ከፓርክላንድስ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ የመንግሥት ደን ነው። ለጣውላ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ አለበት። በውስጡ በሚያልፈው ወንዝ ዳር ነባር ዛፎች አሉ፤ ጉሬዛና ድኩላ ይኖሩባቸዋል። በመካከላቸው ከዌስትላንድስና ከኪሊማኒ ሰፈሮች የሚመጡ ሰዎች በእግር የሚንሸራሸሩበት መንገድ ያልፋል። ሦስቱን በአንድ መሬት ላይ ማኖር የአቶ ባንታየሁ ሥራ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የዘጠነኛውን ክፍል ዕቅድ አዘጋጁ። ከወንዙ ግራና ቀኝ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር እንዳይነካ አደረጉ። አባላቱ ያን ጊዜ ቅር አላቸው። ዕቅዱ ዛሬም እንዳለ ይሠራበታል።

በ2012 ዓ.ም. የመዶሻውን ደንብ አስገቡ። የሚቆረጥ ዛፍ ሁሉ፣ የደን ጽሕፈት ቤቱ በሰጣቸውና ግንዱ ላይ ማኅተም በሚተው የምልክት መዶሻ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዱ በደረት ከፍታ፣ ሁለተኛው ከሥሩ፣ መሬት አጠገብ። ግንዱ ተጭኖ ሲሄድ ጉቶው ላይ ያለው ምልክት ይቀራል፤ ስለዚህ የተቆረጠው ዛፍ የተፈቀደ ይሁን አይሁን ማንም ሰው ቆይቶም ቢሆን መጥቶ ማየት ይችላል። ያልተመታ ዛፍ አይነካም። መዶሻው ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

በ2014 ዓ.ም. ምልክት የሌላቸው አሥራ ሰባት ጉቶዎች አገኙ። የቆረጣቸው የማኅበሩ አባል ነበር። አቶ ባንታየሁ ለደን ጽሕፈት ቤቱ ራሳቸው አመለከቱ፤ ክፍሉም ለአራት ወር ተዘጋ። በእነዚያ አራት ወራት ብዙ አባላት ሰላምታ ነፍገዋቸው እንደነበር ማኅበሩ ይመሰክራል። እሳቸው ግን በየሳምንቱ ሰኞ ሪፖርታቸውን ማምጣት አላቋረጡም።

ዕረፍታቸውን ያስከተለው ሁኔታ የሚከተለው ነው።

መጋቢት 16 ቀን በዘጠነኛው ክፍል የተቆረጠ አንድ የፈረንጅ ጥድ መሬት ሳይደርስ በመንገዱ ዳር ባለው ትልቅ ሾላ ላይ ተደግፎ ቀረ። ሾላው ነባር ዛፍ ስለሆነ አልተመታም፤ ጉሬዛዎቹም ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የሚሻገሩት በእርሱ ነው። አቶ ባንታየሁ በማግስቱ ለማኅበሩ በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ዊንች (የብረት ገመድ መጎተቻ) ያለው ትራክተር መጥቶ ጥዱን ከሩቅ እንዲስብ፣ እስከዚያም መንገዱ እንዲዘጋና ለደን ጽሕፈት ቤቱ እንዲነገር።

በፈቃዱ መሠረት መንገዱን መዝጋት የባለፈቃዱ፣ ማለትም የማኅበሩ፣ ግዴታ ነው። መንገዱ ተዘጋ ተብሎ ለጽሕፈት ቤቱ ከተነገረ ግን በክፍሉ ያለው ቆረጣ ሁሉ ይቆማል። ለፋሲካ የተያዙ ትዕዛዞች ነበሩ። ጉዳዩ ቅዳሜ መጋቢት 20 ቀን ለስብሰባ ቀረበ። የማኅበሩ ፀሐፊ ወ/ሮ ሙርሺዳ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ የተነገረውን ሁሉ እንደተነገረ ስለሚጽፉ፣ እንዲህ ያለ መግለጫ ላይ የማይለመድ ቢሆንም፣ ከቃለ ጉባኤው ጥቂቱን ሳንለውጥ እናቀርባለን።

አንድ አባል፦ «ጋሽ ባንቴ፣ ሾላውን አንድ ጊዜ መታ ያድርጉትና ሁለቱም አብረው ይውረዱ። ይገላግሉን።»

አቶ ባንታየሁ፦ «ሾላውን የሚቆርጠው ሰውዬ የት ይቁም? ከላዩ ግንድ ተንጠልጥሎ? አንተ ትገባለህ?»

ሌላ አባል፦ «እሳቸው ለጉሬዛዎቹ ነው የሚያስቡት። ጉሬዛዎቹም አባል ይሁኑና መዋጮ ይክፈሉ እንጂ!» (ሳቅ)

አቶ ባንታየሁ፦ «ይክፈሉ። እነሱ ቢያንስ ስብሰባ ላይ አይስቁም።» (ሳቅ)

ወ/ሮ ሙርሺዳ፦ «ሰው የሚሄድበት መንገድ እኮ ነው። ሳቁን ተዉትና ትራክተሩን እንጥራ።»

ሰብሳቢው፦ «ትራክተሩ ሌላ ሥራ ላይ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። አራት ቀን የቆመ ዛፍ ፋሲካንም ይቆማል።»

በድምፅ ዘጠኝ ለአራት ከፋሲካ በኋላ እንዲታይ ተወሰነ። የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ሰብሳቢ የዚህ መግለጫ ፈራሚ ናቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ባንታየሁ በራሳቸው ገመድ መንገዱን በሁለቱም በኩል አጠሩ። በካርቶን ላይ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ «ከላይ አደጋ አለ፣ አትለፉ» ብለው ጽፈው ሰቀሉ። ካርቶኑ በዝናብ ሲረጥብ በማግስቱ ሌላ ይጽፉ ነበር። ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ራሳቸው ገመዱ አጠገብ ቆመው ሰው ይመልሱ ነበር። ይህን እንዲያደርጉ ማኅበሩ አላዘዛቸውም፤ ማኅበሩ ማድረግ የነበረበትን ነው ያደረጉት።

መጋቢት 27 ቀን ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ ከኪሊማኒ የመጡ ሁለት ሴቶች በወዲያኛው በኩል በገመዱ ሥር ዝቅ ብለው አለፉ። አቶ ባንታየሁ ከወዲህ ሆነው ተጣሩ፤ ሴቶቹ በጆሯቸው የሙዚቃ ማዳመጫ ስለነበር አልሰሙም። እሳቸው ገብተው ወደ ኋላ መለሷቸው። ሁለቱ ሴቶች ከገመዱ ወጥተው ዘወር ሲሉ ጥዱ ወረደ። ሴቶቹ በሕይወት አሉ፤ ያዩትን በጽሑፍ ሰጥተውናል፤ በቀብሩም ላይ ተገኝተዋል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሰብሳቢ በአባላት የዋትስአፕ ቡድን በላኩትና በፓርክላንድስ ቢሯችን በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ አቶ ባንታየሁ «ከማኅበሩ ዕውቅና ውጪ ወደ ተከለከለ ቦታ ገብተው» አደጋ እንደደረሰባቸው ተገልጿል። ማስታወቂያው የተጻፈው ፈቃዱ እንዳይነካ ታስቦ ነው። ይኸው ዓረፍተ ነገር ለደን ጽሕፈት ቤቱ በተላከው የአደጋ ሪፖርትም ገብቷል። በዚህ ምክንያት የአርባ ሁለት ዓመት የደን ባለሙያ፣ ሌላውን ከአደጋ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው፣ በራሳቸው ጥንቃቄ ጉድለት እንደሞቱ ተመዘገበ።

ከቀብሩ በፊት፣ እሑድ መጋቢት 28 ቀን፣ ልጃቸው ወ/ሪት ሩሐማ ባንታየሁ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ነቅለው ወደ ቢሮ ይዘው ገቡ። የተናገሩት አጭር ነው፦ «የተከለከለ ቦታ ያላችሁት ማን የከለከለውን ነው? ገመዱን ያሰረው አባቴ ነው። እናንተ ምንም አልከለከላችሁም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።



ትራክተሩ የመጣው ከቀብሩ ማግስት፣ መጋቢት 30 ቀን ነው። የወደቀውን ግንድ አንሥቶ መንገዱን ለማጽዳት አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ጥዱ ከመውደቁ በፊት ለመሳብም ከዚህ ብዙ ባልበለጠ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አንድም አባል አልጠየቀም ነበር። ማኅበራችን እንጨትን የሚያውቀው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ የቆመውን የሚያውቁልን እሳቸው ነበሩ።

አንዳንድ አባላት፣ ሾላውን ቢመቱት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር ሲሉ ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። የተንጠለጠለ ግንድ የተደገፈበትን ዛፍ ከሥሩ መቁረጥ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። መዶሻውን ቢያነሡ ኖሮ ዛሬ የምናዝነው በአንድ የመጋዝ ሠራተኛ፣ ምናልባትም በሁለት ነበር። ይህ ወሬ እንዲቆም እንጠይቃለን።

ስለዚህ ማኅበሩ ሚያዝያ 2 ቀን ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ የመጋቢት 27ቱን ማስታወቂያ ሽሯል። መንገዱ ክፍት የቀረው፣ ጥዱም አሥራ አንድ ቀን ተንጠልጥሎ የቆየው በማኅበሩ ውሳኔ መሆኑን፣ አቶ ባንታየሁም የማኅበሩን ግዴታ ሲወጡ ማለፋቸውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ከቃለ ጉባኤው ግልባጭ ጋር ለደን ጽሕፈት ቤቱ ገብቷል። በዚህ የተነሣ የዘጠነኛው ክፍል ፈቃድ ሊታገድ፣ ሊነጠቅም እንደሚችል አባላት ከወዲሁ እንዲያውቁት ይሁን። ትዕዛዝ የተቀበለ አባል ለደንበኛው ዛሬውኑ ይንገር። በሕግ የሚጠየቅ ካለም ሰብሳቢው ቀዳሚ መሆናቸውን በስብሰባው ላይ ተናግረዋል።

መዶሻው ለደን ጽሕፈት ቤቱ ተመልሷል። ሾላው አልተመታም። በመንገዱ ላይ ያለው ገመድ እስካሁን የአቶ ባንታየሁ ነው፤ ማኅበሩ የራሱን አጥር እስኪያቆም ማንም እንዳይፈታው።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ እህተማርያም፣ ለልጃቸው ለወ/ሪት ሩሐማ፣ በዘጠነኛው ክፍል አብረዋቸው ለሠሩት የመጋዝና የጭነት ሠራተኞች፣ ለደኑ ጠባቂዎች፣ በመንገዱ ላይ በስም እያወቋቸው ሰላም ይሏቸው ለነበሩት ሁሉ ማኅበሩ ሐዘኑን ይገልጻል። ለቤተሰቡ ከሐዘኑ ጋር የሚያቀርበው ሌላም አለ፤ ይቅርታ ነው። ይቅርታውን ተቀበሉን ብለን አንጠይቅም። እግዚአብሔር ለአቶ ባንታየሁ ዕረፍትን፣ ለቤታቸውም ብርታትን ይስጥ።

በቢሯችን በር ላይ የነበረው ማስታወቂያ ወ/ሪት ሩሐማ ጠረጴዛው ላይ እንደተዉት አለ። ይህ መግለጫ በቦታው ተለጥፏል። የመጀመሪያው በስልኩም ሆነ በወረቀት ያለው አባል እንዳያጠፋው እንጠይቃለን፤ ከዚህኛው ጋር አያይዞ ያስቀምጠው።

ይድነቃቸው ሚዛን
የማኅበሩ ሰብሳቢ
ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.