እጃቸው ያልከዳቸው ሹፌር፦ የአቶ ባምላኩ ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባምላኩ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ አፈወርቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተሥላሴ ጥቅምት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በግሼ፣ ከራቤል ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ፊደል ከደብሩ የኔታ ዘንድ ቆጥረው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ራቤል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው ሳይሆን አባታቸው ስለታመሙ ነው። አያታችን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ መጀመሪያ እርፍ መያዝ፣ ኋላም እህል ወደ አፋቸው ማድረስ አቃታቸው። አባታችን ሦስት ዓመት ሙሉ አጎረሷቸው። ያ ነገር ከልባቸው ወጥቶ አያውቅም።

በ1968 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ገብተው በጭነት መኪና ረዳትነት ሠሩ፤ በ1971 መንጃ ፈቃድ አወጡ። በ1978 ዘመሮ በጤና ጣቢያ መኪና ሹፌርነት ተቀጠሩ፤ ሕሙማንንና ወላድ እናቶችን ወደ ዓለም ከተማ ያደርሱ ነበር። በዓመቱ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ይህን የምጽፈውን ጽናትን፣ ምንተስኖትንና በየካቲት 1992 እየሩስን ወለዱ። ንጽሕና ይወዱ ነበር ማለት ያንሳል፤ ቤተሰቡን እስኪያስመርሩ ድረስ ነው የሚወዱት። ጭቃ የያዘች መኪና ይዘው የሰው ግቢ አይገቡም፤ ከወንዝ አቁመው ሳያጥቧት ዓለም ከተማን አይረግጡም ነበር።

በ1992 የበልግ ወራት መሪው እጃቸው ላይ ይርገበገብ ጀመር። በዝግታ ሲነዱ የለም፤ ሜዳው ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ እስከ ክንዳቸው ይዘልቃል። ሦስት ጊዜ ዓለም ከተማ ወርደው ለመካኒኩ ለአቶ ዳኜ አሳዩ። አቶ ዳኜ በክሪክ አንሥተው ጎማዎቹን አቀያየሩ፣ ኩሽኔታውን ፈተሹ፣ የመሪውን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ነቀነቁ፣ ነድተውም አዩ። ምንም የለም። በሦስተኛው ጊዜ «መኪናህ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናት» ብለው መለሷቸው።

አባታችን ያን ቀን ፍርዱን በራሳቸው ላይ ሰጡ። መኪናዋ ደኅና ከሆነች የታመሙት እጆቻቸው ናቸው፤ የአባታቸው በሽታ ደርሶባቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። ውኃ በሁለት እጃቸው መጠጣት ጀመሩ። እየሩስ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እንኳ አልታቀፏትም። እናታችን፣ አባታችን ወንድ ልጅ የፈለጉ መስሏቸው ከፋቸውና «ልጅቷ ምን በደለችዎ?» ቢሉ፣ «ልብሴ ቆሽሿል» ብለው ዘወር አሉ። እናቶችንና ሕፃናትን ይዤ ገደል እገባለሁ ብለው ስለፈሩ የሥራ መልቀቂያቸውን ጽፈው በደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን ወይዘሮ ኮከቤ የተባሉ እናት ምጥ ጠንቶባቸው፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ አባታችን ወደ ዓለም ከተማ ይዘዋቸው ወረዱ። ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወንዝ ዳር መኪና የሚያጥብ የለም። ወይዘሮ ኮከቤ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገሉ። ከዚያም በኋላ የማርያም ዕለት ስለሆነ አባታችን መኪናዋን ሳያጥቡ፣ ሥራውን ሊለቁ ቆርጠው ስለነበር ጓደኛቸውን ሊሰናበቱ ወደ አቶ ዳኜ ቤት ነዱ። እዚያም የልባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

አቶ ዳኜ ነጭ እንደለበሱ መሪውን ይዘው እስከ ሜዳው ነዷት። መሪው ሲርገበገብ «ባምላኩ፣ እጄን እየው! እኔንም ያንተ አባት ወለዱኝ እንዴ?» አሉ። ወርደው እጃቸውን ወደ ፊት ጎማው ቸርኬ፣ ጎማው ወደተገጠመበት ብረት ውስጥ ቢሰዱ፣ የመንዝ ጥቁር ጭቃ በአንድ ወገን ተጠቅጥቆ እንደ ሸክላ ጠጥሯል። ጎማው አንድ ጎኑ ከብዶት ነው መሪውን የሚያንቀጠቅጠው።

«ወደ እኔ ስትመጣ ታጥባት ነበር?»

«ታዲያስ! ቸርኬዋን ሳይቀር ፈትጌ ነዋ።»

«አዬ ባምላኩ! በሽታዋን ወንዝ ላይ እያስቀረህ ነዋ የምታሳየኝ!»

በበዓል መፍቻ የማይነኩት አቶ ዳኜ፣ ጭቃ መፈንቀል ሥራ አይባልም ብለው ፈርደው በእንጨት ፈነቀሉት። ሲመለሱ መሪው ጸጥ አለ። አባታችን መኪናዋን ዳር አቁመው አለቀሱ። ዘመሮ እንደገቡ፣ ልብሳቸው ጭቃ በጭቃ እንደሆነ፣ እየሩስን ከእናታችን እጅ ወስደው እስክትተኛ ታቀፏት። መልቀቂያውን እናታችን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። እንዲህ ያለ እፎይታ በቤታችን ገብቶ አያውቅም።

አባታችን አንድም ሰው ሳያቆስሉ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ኋላ የኩላሊት ሕመም አግኝቷቸው በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አቶ ዳኜ ከዓለም ከተማ፣ ወይዘሮ ኮከቤም ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር መጥተው እዚሁ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

ባረፉበት ሳምንት፣ ሰውነታቸው አልቆ ሳለ፣ በብርጭቆ ውኃ አምጪልኝ ብለው እየሩስን ላኳት። አልጠጡትም። በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙትና «እዪው» አሏት። ውኃው አልተነቃነቀም።

እመቤታችን እነዚያን እጆች ትቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ልጇ ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። አሜን።