የአጅሬ ወተት በሩም

ኅዳር 3
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። አጅሬ ባሌ ማታ ከሚሠራበት ሆቴል ባር ሼከር፣ ያንን የመጠጥ መናጫ፣ ተሸክሞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ኮክቴል አምጡ ብሏቸዋል። ሩም በወተት፣ ጣፋጭና ወፍራም። አርብ ይቀመሳል። ያሸነፈ የባሩ ኃላፊ ይሆናል፣ የተሸነፈ ብርጭቆ አጣቢ። ተፎካካሪው ያ አብሮት የሚቀዳው፣ ፀጉሩ በቅባት የሚያብረቀርቀው ጎረምሳ ነው።
ሩም በወተት... ለሰካራም ነው ለጡጦ ልጅ?

ኅዳር 5
ሩም፣ ወተት፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ቀረፋ፣ በረዶ። ትከሻው እስኪወልቅ ናጠው። "ቅመሺልኝ።" ከንፈሬ ተጣበቀ።
"ይሄ ለሰው ነው ለንብ?"
ደግሞ ሠራ። ባሰበት። እሱ እንደሆነ አንዴም አልቀመሰ፣ ፊቴ ላይ ብቻ ያፈጣል። ምን ይፈልግበታል?

ኅዳር 6
"አንቺ ደግሞ ስለ መጠጥ ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ። እኔን! ቆይ ብቻ።

ኅዳር 7
"እስቲ አንተው ቅመሰው" ብዬ ወጥሬ ያዝኩት። ለራሱ ቀዳ። ዞር ሲል አንድ ማንኪያ ጨው ሞጀርኩበት። በእልህ። ሲተፋው ልስቅ አሰፍስፌ...
ጨለጠው። "ዛሬ ገና ልኩን አገኘ!" አለ።
ባዶውን ብርጭቆ ተቀበልኩት። "ጨው እኮ ነው የጨመርኩበት" አልኩት።
ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። "ከዚያ አልጋ ላይ ከጣለኝ ጉንፋን ወዲህ ምላሴ ምንም አይለይም። አፍንጫዬም እንደዚያው። ካወቁብኝ አለቀልኝ።"
ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ወጤን እየበላ "እጅሽ ይባረክ" ሲለኝ የከረመው ምን ቀምሶ ነው? ቀጣፊ! ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 8
እሱ ናጭ፣ እኔ ቀማሽ። የቆርቆሮ ወተቱን በግማሽ አስቀነስኩት። ቀረፋው ከላይ ብቻ።
"ሩሙ አንሷል፣ ቋጣሪ!"
"እሺ፣ እመቤቴ።"
ደግነቱ እጁ ልክ አይስትም። አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። እኔ ግን ሞቅ ብሎኛል... ፊደሉ ሁለት ሁለት እየሆነብኝ ነው።

ኅዳር 9
ወደዱለት! ባሩ የእሱ ሆነ። ቅባታሙ እንኳን ደስ አለህ ሳይለው ወጣ አሉ።

ኅዳር 12
ሥራ አስኪያጁን ከነሚስቱ እራት ጠራናቸው። ሾርባ ሠራሁ። በሾርባዬ አፉን የከፈተ ሰው እስከ ዛሬ የለም። አማቴ እንኳ ሰበብ ፈልጋ አጥታ ነው የተወችው።
አጅሬ አዋቂ ልምሰል ብሎ አንዴ ፉት አለና፣ "ዛሬስ ቁንዶ በርበሬው በዛ" አይልም? ሾርባዬ ቁንዶ በርበሬ በዞረበት አልዞረም! እንግዶቹ ማንኪያቸውን ይዘው ተያዩ። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ማን ተናገር አለው፣ ይሄ ጅል!
"እውነቱን ነው" አልኩ። "እጄ ከብዶ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።"
ሥራ አስኪያጁ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "አየሽ? እኛ መች ለየነው! የባለሙያ ምላስ ማለት ይሄ ነው" አላት።
የባልትና ስሜ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ጠፋ። ይጥፋ።