ከንክኪ ነፃ ስለሆነው ኮረብታ

ለተከበሩ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ግልባጭ፦ ገንዘቡን ከባሕር ማዶ ለሚልኩና ፊታቸውን አንድ ቀን ብቻ ላየነው ለጋሾች፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ባለፈው ጉብኝት ቁልቁለቱ ላይ ቆመው ጉልበትዎን ሲያሹ አይቼ ነበርና፣ ሕመሙ እንደ ተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። መንገዱ እኛንም ያስቸግረናል፤ ሆኖም በቀን ሁለቴ ስለምንመላለስበት እንደ እርስዎ ቆሞ ለማሸት ጊዜ አላገኘንም።

እኔ ከኮረብታው አጥር ግርጌ ሁለተኛው ቤት የምኖር፣ የንብ አናቢው ሚስት የነበርኩ ሴት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የብዙ ነገር መሃሉን እንጂ ዳርና ዳሩን አላውቅም፤ መጀመሪያውና መጨረሻው የሌላ ሰው ጨው ተቋጥሮበት ሄዷል። በደብዳቤዬ ጉድለት ቢያገኙ በዚህ ይዩልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ መጪው ሐሙስ ስብሰባ ነው። ለሁለተኛው ምዕራፍ ገንዘብ ስለ ተፈቀደ አጥሩ ወደ ታች ወርዶ ምንጩን እንደሚያጠቃልል ሰምተናል። የስምምነቱን ወረቀትም ለጎረቤቶቼ እንዳነብላቸው ጽሕፈት ቤትዎ ጠይቆኛል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ምንጩ ከተዘጋ ሴቶቹ ውሃ የሚያገኙት እስከ ወንዙ ሁለት ሰዓት ወርደው፣ ሦስት ሰዓት ወጥተው ነው፤ ይህንን የሚያህል ዜና ለማድረስ መመረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከማንበቤ በፊት ግን የቆየ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ። መሥሪያ ቤትዎ ተራ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

፩. ስለ ችግኞቹ አመሰግናለሁ። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሦስት ችግኝ ተክለናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደርቀው ነው። በሪፖርታችሁ ግን ሦስቱም ቆመዋል። እኛ የምናውቀው አፈር አንዱን እንኳ ለማብቀል ሲለማመጡት የሚኖር ነበር፤ ወረቀት ይህን ያህል ለም መሆኑን ያወቅነው በእናንተ ነው።

፪. ስለ አስተርጓሚው አመሰግናለሁ። ለጋሾቹ በመጡ ዕለት አንዲት ትሑት እንግዳ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ ከአጥሩ በኋላ ኑሮዬ እንዴት እንደሆነ አስጠየቀችኝ። ስለ ማገዶው፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ባለቤቴ አሟሟት፣ አንድ ጀሪካን ከምንጩ እስኪሞላ የሚፈጀውን ያህል ተናገርኩ። አስተርጓሚው በሦስት ቃል ጨረሰው። እንግዳዋ ፈገግ ብላ ጻፈች። ሐዘኔን እንዲህ አቅልሎ የሚሸከምልኝ ሰው ስፈልግ ኖሬአለሁ።

፫. ሁለተኛው ምዕራፍ ለአካባቢው ሰው «አዲስ የኑሮ ዘዴ» ይዞ እንደሚመጣ፣ እርሱም የንብ እርባታ ሥልጠና መሆኑን አንብቤአለሁ። ባለቤቴ ከአባቱ የወረሳቸው አሥራ ዘጠኝ ቀፎዎች እዚያው ኮረብታ ላይ፣ አሁን ከአጥሩ ውስጥ ናቸው። አዲስነታቸውን ሳያውቅ መሞቱ ያሳዝናል።

፬. ይህኛው ቁጥር የእኔ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሰብስበን ነበር። የላካችሁት ሠራተኛ ቸኩሎ ነበርና የመኪናው ሞተር እንኳ አልጠፋም። ከመንደሩ ፊደል የምትቆጥረው እርሷ ናት ተብሎ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። «ኮረብታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሆናል» ይላል። በዚያ ሰሞን ወደ ኮረብታው ለሚገባ ሁሉ ክፍያ ሊጣል ነው የሚል ወሬ ነበርና፣ ባለ ወፍጮው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላወቅኩትም። «ነፃ» የምትለዋን ግን አውቃታለሁ፤ ነፃ ሕክምና፣ ነፃ ትምህርት እያለች በጋዜጣ ቁራጮቼ ላይ ስንት ጊዜ አግኝቻታለሁ። ያ ሁሉ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። «ነፃ ነው ይላል፤ አንከፍልም» አልኩ።

ሰዉ እፎይ አለ። አንድ በአንድ እየተነሣ ጣቱን በቀለም እየነከረ ፈረመ። ባለቤቴ ስለ ንቦቹ እያሰበ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ኋላ ወደ እኔ ተመለከተና «አንቺ ካነበብሽው እኔ ምን ቀረኝ» ብሎ ጣቱን አሳረፈ። ኮረብታውን በሕግ የነካነው ለመጨረሻ ጊዜ በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

በወሩ አጥሩ ቆመ። በሩን እንዲጠብቅ የቀጠራችሁት ዋርሳዬን፣ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ነው። ሰማያዊ ካፖርት ሰጣችሁት፤ አምስት ልጆች ያሉት ሰው ነውና ለበሰው። አበባ በፈነዳበት ሰሞን ባለቤቴ ቀፎዎቹን ማየት ፈለገ። በበሩ ቢሄድ ወንድሙ ወይ ከሥራው ይባረራል፣ ወይ አላየሁም ብሎ ይምላል። ሳትሄድ ቅር ብዬ ለመንኩት። «ወንድሜን አላስዋሸውም» አለኝና ጠባቂ በሌለበት በገደሉ በኩል ዞረ። ቀትር ላይ ሬሳውን ከገደሉ ሥር ተሸክሞ ያመጣልኝ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰው ወንድሙ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሌላው ሰው ይህን ሲተርት ይኖራል፤ እኔ ላይ በቁሙ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ ጽሕፈት ቤትዎ አታለለን እያሉ ሲራገሙ ስድስት ዓመት አብሬ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያታለላቸው ወረቀቱ ሳይሆን የእኔ ኀፍረት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ይህችኛዋ ሽሙጥ የለባትም። ያ ሠራተኛዎም «አንከፍልም» ስል ከጎኔ ቆሞ ይሰማኝ እንደነበር ግን ልጨምር። ስህተቴን ያውቅ ነበር። ሰዓቱን አየና ቀለሙን አቀበለ። ማረም ጊዜ ይወስዳል፤ ስህተት ግን ወዲያው ይፈርማል።

ኮረብታው አላገገመም ብል ዋሾ እሆናለሁ። ሣሩ ወገብ ደርሷል፤ ጠፍተው የነበሩ ወፎች ተመልሰዋል፤ ጎርፉም እንደ ቀድሞው ማሳችንን አይጠርገውም። ጠዋት በሬን ከፍቼ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ደስታዬም ያስለቅሰኛል። ባለቤቴ ቢኖር ከማናችንም ይልቅ ይህን ኮረብታ በደስታ ይጠብቅ ነበር። እርሱን የጠየቀው ሰው የለም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ እመጣለሁ። በመጀመሪያ ያን ጊዜ ምን እንዳነበብኩና ምን እንዳልኩ ለጎረቤቶቼ እነግራቸዋለሁ። ዋርሳዬም በዚያ ይኖራል። እርሱ ሲሰማ ፊቱን እንዴት እንደማየው እስካሁን አላውቅም፤ እነግረዋለሁ እንጂ። ቀጥሎ አዲሱን ወረቀት አነባለሁ። የማላውቀው ቃል ላይ ስደርስ አላውቀውም ብዬ እቆማለሁ፤ ባለ ወፍጮው ገብቶኛል እስኪል ድረስ እርስዎ ያስረዱናል። ምንጩ ለቀጂ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ መንገዱም አይዘጋም የሚል አንድ መስመር በወረቀቱ ውስጥ ከሌለ ግን አልፈርምም፤ ሌሎቹም እንዳይፈርሙ እለምናቸዋለሁ። ቀኑ ሊመሽ ይችላልና ለጉልበትዎ የሚመች ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አጥርዎና ስለ ሪፖርትዎ ውበት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ደብዳቤዬን መጨረሻውን ሳይቆርጡ እንዲያነቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ከአጥሩ ግርጌ፣ ሁለተኛው ቤት፣
የንብ አናቢው ባልቴት

ያልተጠቀሰ ነገር፦ በላኩልኝ የጥሪ ወረቀት ላይ «የተጠቃሚዎች ተወካይ» ተብዬ ተጽፌአለሁ። እወክላቸው ዘንድ ተጠቃሚዎቹን ቤት ለቤት ዞሬ ፈለግኳቸው፤ በእኛ በኩል አንድም አላገኘሁም። ምናልባት በእናንተ ሕንፃ ውስጥ ካሉ፣ ሐሙስ ይዘዋቸው ይምጡና እንተዋወቅ።