ስድስቱን ጥርሶቼን ሊመልሱልኝ ስላሰቡት ዕቅድ

ለተከበሩ ዶክተር ኦምቦክ፣
በሆማ ቤይ ከገበያው በላይ ላለው የጥርስ ክሊኒክ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎና ከብትዎ ደኅና ናቸው? ጥርስዎም ሙሉ ሆኖ እንዲቆይልዎ፣ ሳያስፈቅድ የሚነካብዎም ሰው እንዳይገጥምዎ ዘወትር እመኛለሁ።

እኔ ዴልፊና አዎር፣ ባለፈው ማክሰኞ የላይኛው የግራ መንጋጋ ጥርሴን አሞኝ ደጅዎ የመጣሁት አሮጊት ነኝ። ፊቴን ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም፤ ያዩት አፌን ብቻ ነበርና። አፌን ከፍተው «ውይ ማማ፣ ከታች ምን አገኘዎት?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። ጣት ያስገቡበት አፍ መልስ ሊሰጥ እንደማይችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ቀጥሎ የካርድ ክፍሏ ልጅ አራት ገጽ ወረቀት ዘርግታ «ማማ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ፤ ቶሎ ይበሉ፣ ሰው ቆሟል» አለችኝ። እስከ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ በአውራ ጣት የፈረምኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ስሜን መጻፍ ስለሚያስደስተኝ በሁሉም ቦታ ጻፍኩት። ይህ ጥፋት የኔ ነው፣ አልክድም። ለመንጋጋዬ ግን ማስታገሻ ክኒን ብቻ ተሰጥቶኝ «ዕቅዱ ከፊት ጥርሶችዎ ነው የሚጀምረው፣ እሱ ተራውን ይጠብቅ» ተባልኩ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ቤታችን ይዤው ሄድኩ። መምህራችን ሚስ አብዋጎ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች በቋንቋችን በሉኦ ስትነግረን፣ አሥራ አንድ አሮጊቶች ሁለት ቀን ሙሉ አነበብነው። ለዚህ ጥሩ የንባብ ትምህርት ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ያገኘነውም ይኸው፦

1. «የጎደሉ ጥርሶች ስድስት፤ ምክንያት፦ የድድ በሽታ» ይላል። ክቡር ዶክተር፣ እነዚያን ስድስቱን የታች የፊት ጥርሶች በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ በሉኦ ወግ ለአካለ መጠን ስደርስ፣ ከእኩዮቼ ጋር ተሰልፌ፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ ያስወለቅኋቸው ናቸው። አያትዎ ሲስቁ አይተው ቢሆን ይህን ያውቁ ነበር፤ እርስዎ ናይሮቢ ስላደጉ ምናልባት አያትዎ አልሳቁልዎት ይሆናል። ክፍላችን ውስጥ በዚህ «በሽታ» ያልተያዘች ብትኖር ሚስ አብዋጎ ብቻ ናት።

2. ለእነሱ ምትክ ለመትከል ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጤነኛ ጥርሶቼ በመጪው ሐሙስ ይሞረዳሉ። ከታች የቀሩኝ ሥጋ መንከሻዎች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ይህን ስንሰማ ጣውንቴ ፔሪስ «አንቺ፣ በሩን ከደፈኑት፣ ታመሽ መንጋጋሽ የተቆለፈ ዕለት ገንፎውን በየት በኩል እናጎርስሻለን?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። እኔ ግን አልሳቅኩም። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ እንደማያድግ እርስዎም ያውቃሉና፤ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

3. «ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ሌላው አማራጭ ተብራርቶላት ተስማምታለች» ከሚለው አጠገብ የራይት ምልክት አለ። እኔ በጥቁር እስክሪብቶ ነው የፈረምኩት፣ ምልክቱ ሰማያዊ ነው። ማን እንዳደረገው አልጠይቅም፤ እጁ ግን የሰለጠነ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ያደረገው ሰው ነው።

ስለዚህ የሰጠሁትን ፈቃድ በዚህ ደብዳቤ መልሼ ወስጃለሁ። ሐሙስ እመጣለሁ፤ የምመጣው ግን ለመንጋጋዬ ብቻ ነው። ሊያደርጉ ያሰቡትን በሉኦ በአንድ ገጽ ይጻፉልኝ፤ ቤቴ ወስጄ ላንብበው፣ ከዚያ እፈርማለሁ ወይም አልፈርምም። ጓደኞቼም አብረውኝ ይመጣሉ፤ አሥራ አንድ ወንበር ቢያዘጋጁልን የደግነትዎ ምልክት አድርገን እንቆጥረዋለን።

ለድዴ ስላሳዩት ጭንቀት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥ ታካሚዎ ዴልፊና አዎር (በገዛ እጄ የጻፍኩት)

ማሳሰቢያ፦ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ምስክር፦ የታካሚዋ ወንድ ልጅ» የሚል ፊርማ አለ። አራት ሴት ልጆች ወልጄ፣ ወንድ አልወለድሽም እየተባልኩ አርባ ዓመት ተሰድቤያለሁ። ክሊኒክዎ ይህንንም ችግሬን ካቃለለልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄን ሐሙስ ያሳዩኝ፣ ማሳው ሳይታረስ ቆሞ እየጠበቀው ነው።