ዕድራችንን ለዶክትሬት ሊያጠኑ የተነሡት አቶ ሚናስ እንዳለ (1950–2017 ዓ.ም.)

አቶ ሚናስ ከአባታቸው ከአቶ እንዳለ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1950 ዓ.ም. አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚሁ ሰፈር ጨርሰው በ1972 ዓ.ም. በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም አገለገሉ። ጠፋ የተባለ መዝገብ እርሳቸው እጅ ላይ ይገኛል፤ ሳይገላምጡ የሰጡበት ቀን ግን ትዝ አይለንም።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ጠበቃ ጽዮንን አፈሩ። በማታው ክፍል ሕግ ተምረው በዲግሪ፣ ኋላም በማስተርስ ተመረቁ።

ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ተቀመጡ፤ እርሳቸው ለሕግ ዶክትሬት ማመልከት ጀመሩ። ሊያጠኑ ያሰቡት ዕድር የአባላቱን ጠብ እንዴት እንደሚዳኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሐሳቡን ወዶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ የሰፈራችን ዕድር ቃለ ጉባኤውን እንዲያዩ መፍቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ።

ሊቀመንበሩ አቶ ገብረዮሐንስ፣ «የጎረቤት ገመና አደባባይ አውጥቶ ዶክተር መሆን የለም» ብለው ከለከሉ። አቶ ሚናስም በጉባኤ ፊት ተነሥተው፣ «የምትሸሽጉት ገመናችንን ሳይሆን የፈረዳችሁትን ነው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ ቆረጡ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ከገባ ሌላው ጫማውን ይፈልጋል። በ2012፣ በ2014 እና በ2016 ዓ.ም. ያመለከቱት ሁሉ ደብዳቤው ስለሌለ ተመለሰ። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሉ ልጆች ገና ከበር ሲያዩዋቸው ማሽኑን ያሞቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ተኝተው በገዛ እጃቸው ኑዛዜ ጻፉ፤ ደብዳቤው ሳይፈረም የዕድሩ ድንኳን በደጃቸው እንዳይተከል አዘዙ። ትናንት ቅዳሜ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

የድንኳኑ ብረት መጥቶ ደጅ ላይ ተጋደመ። ጽዮን ኑዛዜውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዝናቡ ለቀስተኛውን ይደበድበው ጀመር።

«ልጄ፣ ሰዉ በሰበሰ። ድንኳኑ ይተከልና ስለ ወረቀቱ ኋላ እንነጋገራለን» አሉ አቶ ገብረዮሐንስ።

«ጋሼ፣ ኋላ የምትለዋን አባዬ አምስት ዓመት ሰምቷታል።»

ዕድሩ ድንኳን ሳይተክል አባሉን መቅበር በራሱ ደንብ አይችልም። ኮሚቴው ጎረቤት በረንዳ ላይ ተሰብስቦ ደብዳቤውን በአቶ ሚናስ ስም ጻፈና ማኅተም አሳርፎ አመጣ። ጽዮን አንብባ መለሰችው።

«ለሞተ ሰው ፈቃድ ምን ይሠራለታል? ጥናቱን እኔ እቀጥላለሁ፤ በስሜ ይጻፍልኝ።»

«የሰው ስም እንዳታወጪ ግን ማይልኝ» አሉ ሊቀመንበሩ።

እሷም ከቦርሳዋ የአባቷን የጥናት ሐሳብ አውጥታ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠችላቸው። የማንም አባል ስም፣ የቤት ቁጥርም ሆነ ዝምድና በጥናቱ እንደማይጠቀስ ተጽፏል። የጽሑፉ ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ በየማመልከቻው ጊዜ ለዕድሩ ገብቷል፤ ከኮሚቴው ግን ያነበበው አልነበረም።

አቶ ገብረዮሐንስ መነጽራቸውን አስመጥተው ዝናብ ላይ እንደቆሙ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ አዲሱን ደብዳቤ በጽዮን ስም ፈረሙ፤ የድንኳኑንም የመጀመሪያ ብረት ራሳቸው አቆሙ።

አቶ ሚናስ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ ወረቀት ቢያገኙት በቀይ አርመው ይመልሱልን እንደነበር እናውቃለን። በዚህ ዓለም ደጅ ሲጠኑ የኖሩትን ወንድማችንን እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥ። አሜን።